ያልተሞረደው መስቀል

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ደሙ ከእንጨቱ አልለቅ አለኝ። በሳሙና አሸሁት፣ በአሸዋ አሸሁት፣ በመጨረሻ ብር በምንወለውልበት ሎሚና ጨው ሳይቀር ሞከርኩት። የጠረጴዛው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ጠቁሮ ደርቋል። ጽሕፈቴ ካልተነበበም አይነበብ።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ ለራሴ መዋሸት እጀምራለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።

ጠዋት አራት ሰዓት ግድም ኦቦ ቶላ ጎፋ ያለው ሱቃችን ገቡ። የፉሪ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ፎቅ በበቀለበት መሬት ላይ ጤፍ ሲዘሩ የኖሩ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ለሚስታቸው የአንገት ድሪ ያሠሩት ከአባቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለልጃቸው ለገመቹ ሙሽራ ጥሎሽ የሚሆን ትልቅ የአንገት መስቀል ከእኔ ገዙ። ሠርጉ ጥር 24 ነው።

መስቀሉን ጠረጴዛዬ ላይ ወረወሩት። ጥሎሹ በሽማግሌ ፊት ሲቆጠር የሙሽራዋ አጎት አንስቶ በመዳፉ መዘን መዘን አደረገና «ይኼ ናስ ነው። ብር እንዲህ አይቀልም» ብሎ መለሰላቸው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ጥሎሽ በሰው ፊት ተመለሰባቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ሞርጂልኝ። እዚሁ ፊቴ ሞርጂና ውስጡን አሳዪኝ» አሉኝ።

እኔ ምን አልኩ? «በዚህ ቤት መስቀል አይሞረድም» አልኩ።

የአባቴ ሕግ ነው። ቀለበት ይሞረዳል፣ አምባር ይሞረዳል፣ ጠገራ ብርም ይሞረዳል። ሰው አንገቱ ላይ አስሮ የጸለየበት፣ ቄስ የባረከው መስቀል ግን ሞረድ አይነካውም። ጎፋ ውስጥ ብር የሚገዛ ሁሉ ይኼን ስለእኛ ያውቃል፤ የምንኮራበትም ነገር ነው።

«አባትሽም እንዲህ እያለ ነው የኖረው። ለካ ሌባ ኖሯል!» አሉና እንትፍ አሉ። ምራቁ የአባቴ ፎቶ በተሰቀለበት ግድግዳ ላይ አረፈ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ወንድሜ ይርጋ ከጓዳው፣ ከሚሠራበት ቦታ፣ መዶሻውን እንደያዘ ወጣ። አላየሁትም ብል ይቀለኝ ነበር። አይቼዋለሁ። ፊቱንም አይቻለሁ። «ይርጌ» ለማለት አፌን ከፈትኩ እንጂ ድምፅ አልወጣኝም። አንድ ጊዜ ነው የመታቸው፤ ከጆሮአቸው ከፍ ብሎ። ድርቅ ያለ ድምፅ ነው ያሰማው። ኦቦ ቶላ ጠረጴዛው ላይ ወደቁ፣ መስታወቱ ከእሳቸው ጋር ወረደ፣ ከዚያ ደሙ መጣ። እንዲህ ያለ ደም ከአንድ ሽማግሌ ራስ ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር።

የሰፈሩ ሰው ይርጋን ጎትቶ አወጣው። በድንጋይም በጫማም ነው የደበደቡት። ፖሊስ ባይደርስ ይገድሉት ነበር። እኔ በዚያ ሁሉ መሃል ምን አደረግሁ? ጎንበስ ብዬ መስቀሉን ከደሙ ውስጥ አነሳሁና ጡቴ ሥር ወሸቅኩት። ማንም አላየኝም።

ለምን ደበቅሁት? ብር ከሆነ ምን ያስደብቀኛል?

ኦቦ ቶላ ሆስፒታል ናቸው። አልነቁም።


እሁድ፣ ጥር 17

ከቅዳሴ መልስ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ከሩቅ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ገመቹ ከሁለት የአጎቱ ልጆች ጋር መጥቶ በሩን በዲጂኖ ገንጥሎታል።

የሰበሩትን ልጻፍ። የቀረው መስታወት። ሚዛኑ። የይርጋ ወንበር። የአባቴ ፎቶ፣ ተረግጦ። ጉትቻው፣ ድሪው፣ አልቦው፣ ሁሉም አስፋልት ላይ ተዘርቷል። አንድም ቀለበት ኪሳቸው አልከተቱም። ይኼ ነው ከሁሉ የበለጠ ያበገነኝ። ቢሰርቁ «ሌቦች» እላቸው ነበር።

ጉጠቱን ከመሬት አንስቼ ገመቹን ክንዱ ላይ አሳረፍኩበት። አዎ፣ እኔ፣ የአርባ ሁለት ዓመት ሴት፣ ነጠላዬን እንደለበስኩ። ደግሜም ሰነዘርኩ። እሱ በዱላው ትከሻዬን አለኝና በጉልበቴ ወደቅኩ። አንገቴን በነጠላዬ አንቆ ይዞ፣ «መስቀሉ የት አለ?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«አባቴ ከሞተ ወንድምሽ ከእስር የሚወጣበትን ቀን እጠብቃለሁ። እጠብቃለሁ፣ ሰማሽ? ሽማግሌ ሆኜም ቢሆን።»

አለቀሰ። እያነቀኝ ያለቅስ ነበር። እንባው ፊቴ ላይ ወደቀ፤ እኔ ግን በዚያች ሰዓት ማዘን አልቻልኩም። ጉጠቱ እጄ ቢገባ ዓይኑን ነበር የማወጣው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከቅዳሴ መውጣቴ ነበር።

ለቡ ቤቴ ስደርስ መስቀሉን ከዱቄት ዕቃ ውስጥ አውጥቼ አየሁት። ነጭ ነው። ያምራል። መልሼ ቀበርኩት።


ሰኞ፣ ጥር 18

ትከሻዬ ጠቁሯል፣ ክንዴን ከፍ ማድረግ አልቻልኩም።

ጣቢያ ሄጄ ይርጋን አየሁት። አንድ ዓይኑ ተደፍኗል፣ የላይኛው ከንፈሩ ለሁለት ተከፍሏል። ያመጣሁለትን ሾርባ መዋጥ አቃተው። ስለ ራሱ ምንም አልጠየቀኝም። «እታለም፣ ብር ነው አይደል?» አለኝ።

«ብር ነው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ይሁን» አለ። ዓይኔን ሳላሽ ነው የመለስኩለት።

መርማሪው መስቀሉን ጠየቀኝ። ቤት ነው አልኩት። የሚቀጥለው ሰኞ ይዤ እንድቀርብ ነገረኝ።

በር ላይ የአክስቴ ልጅ ሰሎሞን ይጠብቀኝ ነበር። ሰሎሞን ጠበቃ አይደለም፤ ጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ ነው፤ ሲያወራ ግን ዳኛ ይመስላል። «መስቀሉ ብር ከሆነ ይርጋ የአባቱ ስም በሐሰት ሲነሳ ደሙ የፈላ ሰው ነው። ናስ ከሆነ ግን አጭበርብሮ፣ ተበዳዩን ደግሞ የመታ ወንበዴ ነው» አለኝ። ግራ ቀኝ አየና፣ «መቼም ብር ነው። ካልሆነም ብር መሆን አለበት። አንቺ ደግሞ የአንጥረኛ ልጅ ነሽ» አለ። በጥፊ አልኩት። ጉንጩን እያሻሸ «እሺ፣ አስቢበት» ብሎኝ ሄደ።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ መኮንን ሁለት ሽማግሌ ይዘው ፉሪ ደርሰው ተመልሰዋል። የኦቦ ቶላ ቤተሰቦች ሰውየው ካልነቃ ማንንም አናናግርም ብለው ከደጅ መልሰዋቸዋል።

አባቴ ያስተማረኝን ልጻፈው። ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ ነው፤ ግን ልጻፈው።

ማግኔት። ከያዘው ብረት አለበት። ካልያዘው ግን ብር ነው ማለት አይደለም፤ ናስም መዳብም አይያዙም።

ጥቁረት። ብር ሲቆይ ይጠቁራል፣ ጨርቅ ላይ ጥቁር ይተዋል። ብር የተቀባ ናስም ላዩ ብር ነውና ያው ነው።

በረዶ። ብር ላይ ቶሎ ይሟሟል። መዳብ ላይም ይሟሟል፤ ለጨዋታ ካልሆነ አይረባም።

ድምፅ። ጠገራ ብር ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ረጅም ይዘምራል። መስቀል ግን አይጣልም።

ክብደት። ብር ከናስ ይከብዳል። ዓይንሽ ከገመተው በላይ እጅሽ ላይ ካልከበደ ጠርጥሪ።

ሞረድ። ጠለቅ አድርጎ፣ ከቅቡ በታች። ከዚያ አሲድ ጠብ። አረንጓዴ ከፈላ ናስ ነው። እንደ ወተት ከነጣ ብር ነው። ከሞረድ በኋላ ክርክር የለም።

ዋጋም ያው ነው። ግራሙ ይመዘናል፣ ጥራቱ ይታወቃል፣ በዕለቱ የግራም ዋጋ ይባዛል፣ የእጅ ዋጋ ይጨመራል። ከዚያ በታች የሚሸጥልሽ ሰው ካለ፣ ይል ነበር አባቴ፣ ወይ ዕቃው የተሰረቀ ነው ወይ ናስ ነው። ርካሽ ብር የለም።


ማክሰኞ፣ ጥር 19

ሞረድኩት።

በሩን ቆልፌ፣ የአባቴን ትንሽ መስፍ፣ ያንን ብር የሚቀጠቅጥበትን ብረት፣ የወጥ ቤት ወለል ላይ አስቀምጬ። መስቀሉን ላዩ ላይ አጋደምኩት። አማተብኩ። ሞረዱ ሲነካው ጥርሴን በላኝ። መጀመሪያ ነጭ ነበር። ሁለተኛ ነጭ። በአራተኛው ቢጫ።

አሲድ እንኳ አላስፈለገውም፤ ግን ጠብ አደረግሁበት። አረንጓዴ ሆኖ ፈላ።

ጮህኩ። ሞረዱን ግድግዳ ላይ ወረወርኩት፣ ተመልሶ የሻይ ብርጭቆዬን ሰበረው። በቡጢ መስፉን መታሁት፤ ብረት በቡጢ ይመታል? ሁለት ጣቴ አብጧል፣ በግራ እጄ ነው የምጽፈው።

አሁን እውነቱን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉት የለ? እኔ ሆዴ ያውቅ ነበር።

ከገና በፊት ነው፤ አንዲት ደርባባ ሴት መጣች። ነጭ በነጭ ለብሳ፣ አንገቷ ላይ በጥቁር ማተብ ይኼን መስቀል አስራ። የእናቴ ነው፣ ቸግሮኝ ነው አለች። ከአንገቷ ስትፈታው ሳመችው። ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ ዘጠና ግራም። በዚያ መጠን መቶ አሥር መድረስ ነበረበት። ሚዛኑ ነግሮኛል። የግራሙ ዋጋ በዚህ ዓመት ጣራ ነክቷል፣ ሰው ሁሉ የእናቱን አምባር ይዞ ሱቅ ለሱቅ ዋጋ ይጠይቃል። እሷ ግን አልጠየቀችም። የጠራችው ዋጋ ቀልጦ ከሚያወጣው ግማሽ አይሞላም። ዋጋውም ነግሮኛል።

ይርጋ ሞረዱን ይዞ ከጓዳ መጣ። «ልየው እስቲ፣ እታለም» አለኝ። እጁን መታሁት። «በመስቀል ላይ ሞረድ? አባባ ቢያይህ!» ብዬ ጮህኩበት። አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

ለመስቀሉ ብዬ ነው የከለከልኩት? አይደለም። ሴትየዋ ዋጋ የማታውቅ ምስኪን መስላኝ፣ እንዳትነቃ ብዬ ነው። ከአንዲት ችግረኛ የእናቷን መስቀል በግማሽ ዋጋ ልወስድ ነበር፤ ሃይማኖቴ ደግሞ መሸፈኛ ሆነልኝ። እኔ ላሞኛት ስል እሷ አሞኘችኝ። ሌባ ሌባን ሲያገኝ እንዲህ ነው።

ስልኳን ሰጥታኝ ነበር። ደወልኩ፤ አይሠራም። አድራሻዬ ያለችው ሳሪስ ድረስ ሄጄ ቤት ለቤት ጠየቅሁ፤ እንዲህ ያለች ሴት የሚያውቅ የለም። ባገኛት በእጄ አንቄ እገላት ነበር። እንግዲህ ይርጋን ወንጀለኛ የሚለው ማን ነው? ከአንድ ማሕፀን ወጥተናል።


ረቡዕ፣ ጥር 20

ጠዋት ቁርስ ሳልቀምስ የቤቴን መስኮት በድንጋይ ሰበሩት። የእንቁላል መጠን ያለው ድንጋይ አልጋዬ ላይ አገኘሁ። መንገድ ላይ ሁለት ጎረምሶች በሞተር ሲሄዱ አየሁ፤ ፊታቸውን አልለየሁም። ጎረቤቶቼ መጋረጃቸውን ገለጥ አድርገው አዩና መለሱት።

ኦቦ ቶላ አልነቁም። አምስተኛ ቀን። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም አለ ይላሉ።

ሰሎሞን ደወለ። አልመታሁትም፤ ስልክ ነው። «አስካለ፣ ሰውየው ቢሞት ይርጋ ምን እንደሚጠብቀው ታውቂያለሽ?» አለኝ። አውቃለሁ። ዘጋሁት።

ከዚያ ሠራሁት።

ሱቁ ውስጥ፣ የተገነጠለውን በር በቆርቆሮ ከልዬ። የናሱን መስቀል የሞረድኩበትን ቦታ በሰም ሞላሁ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ ጫንኩት፣ ቅርጹን ወሰደ። አባቴ የተወልኝን አራት ጠገራ ብር ከሣጥኑ አወጣሁ። ጠገራ ብር ጥራቱ የታወቀ ነው፤ ከመቶ ሰማንያ ሦስት እጁ ብር፣ የቀረው መዳብ። አባቴ የሠራው ሁሉ ከእሱ ነው። የይርጋን ጋዝ ለኩሼ አቀለጥኳቸው። በአበጠ እጄ ስቀዳው ጠብታ የእግሬ ጣት ላይ ወደቀ፤ ሥጋው ሲጠበስ ሸተተኝ። ጉጠቱን አልለቀቅኩም።

ቀዘቀዘ። አወጣሁት፣ አጸዳሁት፣ ወለወልኩት። ማለፊያ ሥራ ነው። እኔ እንዲህ መሥራት እንደምችል አላውቅም ነበር። በጎረቤት ሚዛን መቶ አሥራ አንድ ግራም። ቅርጹ አንድ፣ ልዩነቱ የእጅ ክብደት ብቻ። ሰኞ ለመርማሪው እሰጣለሁ፣ ማንም ይሞርደው፣ እስከ ማዶ ቢሞርዱት ነጭ ነው። ይርጋ ይተርፋል።

ደስ አለኝ። እውነት ደስ አለኝ። ሁለቱን መስቀሎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳቅሁ።


ሐሙስ፣ ጥር 21። አስተርእዮ ማርያም

ጋሽ መኮንን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ጠሩኝ። «ነቅተዋል» አሉኝ።

ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀመጥኩ።

«ልጃቸው አጠገባቸው ነበር። ዓይናቸውን እንደገለጡ ውሃ አላሉም፣ የት ነው ያለሁት አላሉም» አሉ ጋሽ መኮንን። «"ሞረደችው?" ነው ያሉት። ሌላ ቃል የለም። ሞረደችው?»

አምስት ቀን ከሞት ጋር ሲታገሉ ጥያቄያቸውን ጥርሳቸው ላይ ይዘው ነው የቆዩት። እኔ ደግሞ ትናንት አሸዋ ላይ ተንበርክኬ እሳቸውን ሐሰተኛ ለማድረግ ስለፋ ነበር የዋልኩት።

በቀጥታ ሱቅ ሄድኩ። አዲሱን መስቀል መስፉ ላይ አስቀመጥኩና መዶሻውን አነሳሁ። ያንኑ መዶሻ አይደለም፣ ያ ፖሊስ ጋ ነው፤ ትልቁን። መታሁት። ክንዱ ተጣመመ። መታሁት። ስንት ጊዜ እንደመታሁት አላውቅም። አባቴን እየሰደብኩ፣ ሴትየዋን እየረገምኩ፣ ይርጋን እየጠራሁ ቀጠቀጥኩት። ቅጠል ሆነ። ትከሻዬ ላይ ያለው ቁስል ፈነዳና ቀሚሴ ረጠበ።

በቆርቆሮው ስንጥቅ የሚያየኝ ሰው ነበር። «አበደች» ሲል ሰማሁት።


ዓርብ፣ ጥር 22

ይርጋ ጋ አልሄድኩም። ስንቁን በሰሎሞን ላክሁ። ፊቱን ማየት ፈራሁ።


ቅዳሜ፣ ጥር 23

ኦቦ ቶላ ሐኪሞቹን አስቸግረው፣ ፈርመው ወጥተዋል። ከሞትኩ ቤቴ ልሙት ብለው። ጋሽ መኮንን ነገ ፉሪ ቅረቢ ተብለሻል አሉኝ። «ገመቹ ዱላውን አልጣለም። ሴቶቹም ከእሱ የባሱ ናቸው። መቅረት ትችያለሽ» አሉ።

የምይዘው፦ የናሱ መስቀል። ሞረድ። የአሲድ ጠርሙስ። መስፉ።

ፈርቻለሁ። በግልጽ ፈርቻለሁ።


እሁድ፣ ጥር 24

በሕይወት አለሁ። ከንፈሬ ተተርትሯል፣ ከራሴ ፀጉር በጭብጥ ተነቅሏል። ግን ልጻፈው።

ዛሬ ሠርጉ ነበር። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፤ የተቀመጡበት ግን እድምተኞች ሳይሆኑ ሽማግሌዎች ናቸው። ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል። እኔ የአባቴን መስፍ ተሸከምኩ። ከአስፋልቱ እስከ ግቢያቸው ድረስ ያለው ኮረኮንች ያን ያህል ርቆ አያውቅም። ደህናው ትከሻዬ ላይ አድርጌው፣ ሞረዱን፣ የአሲዱን ጠርሙስና መስቀሉን መቀነቴ ውስጥ ሸጉጬ፣ ጋሽ መኮንን ከኋላዬ።

በሩ ላይ የኦቦ ቶላ እህት ጠበቀችኝ። ነጠላዬን ገፍፋ ፀጉሬን ጨመደደችው። በጥፊ፣ በክርኗ። መስፉን አልጣልኩም፤ እሷ ስትመታኝ ሁለት እጄ ብረት ላይ ነበር። ሌላዋ ጭቃ ወረወረችብኝ። ማንም አልገላገለም፤ ጋሽ መኮንን «በሕግ፣ በሕግ!» እያሉ ብቻቸውን ይጮሃሉ። እንደምንም ድንኳኑ ውስጥ ደርሼ ተንበረከክሁ።

ኦቦ ቶላ ፍራሽ ላይ በትራስ ተደግፈዋል። ራሳቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። ግማሽ ፊታቸው አልተነቃነቀም። ዓይናቸው ግን ያው ነው።

የናሱን መስቀል ፊታቸው አስቀመጥኩና ሰሙን በጥፍሬ አወጣሁት። ቢጫው ታየ።

«ናስ ነው፣ ኦቦ ቶላ። ልክ ነበሩ። አባቴን ሳይሆን እኔን ነው ሌባ ማለት የነበረብዎ። ሚዛኑ ነግሮኝ ነበር፣ ርካሽ ስላገኘሁት ዝም አልኩ። ወንድሜ ልሞርደው ሲል የከለከልኩት እኔ ነኝ። እሱ በእኔ ቃል ነው የመታዎ።»

ገመቹ ሲነሳ ወንበሩ ወደቀ። በአንገቴ ያዘኝ። ዱላው ከራሴ በላይ ሲወጣ አየሁ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ይምታኝ አልኩ በልቤ። ቢመታኝ ይቀለኛል ብዬ ነበር።

«ተው!»

ድምፃቸው ደካማ ነው፤ ገመቹ ግን ቆመ። ኦቦ ቶላ ወደ አንገቴ ጠቆሙ። «ያስ?»

ገመቹ ሲያንቀኝ የራሴ መስቀል ከቀሚሴ ውስጥ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። አባቴ ለክርስትናዬ የሠራልኝ ነው። ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም።

«አባቴ ነው የሠራው።»

«ሞርጂው።»

ከዚህ በላይ ዱላ የለም። የገመቹ ዱላ ቢያርፍብኝ እመርጥ ነበር። ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ የሚያሳፍር ሐሳብ። አባቴ መስቀል አይሞረድም የሚለው ለምን ነበር? እሱም እንደኔ ይሆንስ? ይኼም ቢጫ ቢሆንስ? ሠላሳ ዓመት የጎፋን ሰው አንገት በናስ ሞልቶት ቢሆንስ? እጄ ማተቡን መፍታት አቃተው፤ በጥርሴ በጠስኩት።

መስፉ ላይ አጋደምኩት። ሞረዱን ሳብኩ። ነጭ። ደግሜ ሳብኩ። ነጭ።

«ጠልቀሽ» አሉ።

ጠለቅሁ። የመስቀሉ ክንድ ላይ ቁስል እስኪከፈት ድረስ ጠለቅሁ። እያለቀስኩ ነው የምሞርደው፤ ንፍጤና ከከንፈሬ የሚወርደው ደም መስፉ ላይ ይንጠባጠባል። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ። አሲዱን ጠብ አደረግሁ። ትንሽ ፈላና አመድማ ወተት ሆነ። የጠገራ ብር ፊት ነው። እስከ አጥንቱ ብር ነው።

ኦቦ ቶላ እጃቸውን ዘረጉ። መስቀሉን መዳፋቸው ላይ መዘን መዘን አደረጉት፤ አውራ ጣታቸውን ሞረዱ በበላው ቦታ ላይ አሳረፉ።

«አባትሽ ሌባ አልነበረም። ምራቄን አነሳለሁ» አሉ። «ከአባትሽ ላይ ነው ያነሳሁት። ካንቺ ላይ አላነሳሁም። አንቺ ገና ነሽ።»

«እሺ፣ ኦቦ።»

«ወንድምሽን ሕግ ይየው፤ ስለሱ አልለምንም። ደም ግን በዚህ ይቁም። ገመቹ፣ ዱላውን ጣል።»

ገመቹ አልጣለም። አባቱ አዩት። ሽማግሌዎቹ አዩት። በመጨረሻ ከድንኳኑ ወጣ፤ ዱላው ከውጭ ግንብ ላይ ሲሰበር ሰማን። እንደዚያም ቢሆን ጥሎታል።

መስቀሌን ለሙሽራዋ ወሰዱት። ላስተካክለው፣ የሞረድኩበትን ላለስልሰው አልኩ። «አትንኪው። አጎትየው ይየው» አሉኝ።

አሁን ቤቴ ነኝ። አንገቴ ባዶ ነው፣ እጄ በየደቂቃው ይፈልገዋል። ጋሽ መኮንን በርትተሻል አሉኝ።

ነገ ሰኞ ነው። የናሱን መስቀል ለመርማሪው አስረክባለሁ፣ ያየሁትንም እነግረዋለሁ። ከዚያ ይርጋን ያመጡልኛል። ዓይኑ ተገልጦ ይሆናል። ገና ሳይቀመጥ «እታለም፣ ብር ነው አይደል?» ይለኛል።